የቤንዚን ዋጋ መናር ኀላፊነቱ የማን ነው? ከየካቲት 1966 ዓ.ም. እስከ ዘመናችን

መግቢያ

ፎርድስበርግ ከጆሃንስበርግ መሐል ከተማ በስተምዕራብ የምትገኝ፣ ሕንዳውያን ነጋዴዎች ለብዙ ዘመን የኖሩባትና በኋላም ከልዩ ልዩ የአፍሪካና የእስያ አገሮች የፈለሱ ሰዎች የተጠጉባት ሰፈር ናት። በደቡብ አፍሪካ የቤንዚን ዋጋ የሚከለሰው በየወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ በመሆኑ፣ ጭማሪ መኖሩ በተሰማ ጊዜ ሁሉ፣ በዋዜማው ማክሰኞ ማታ፣ በሰፈሯ ነዳጅ ማደያዎች ፊት ረጅም የመኪና ሰልፍ ይታያል። በሰልፉ መካከል የአገራችን ልጆች አይታጡም፤ ከጄፒ ጎዳና ልብስና ብርድ ልብስ ጭነው ሩቅ ወዳሉ ትንንሽ ከተሞች የሚያመላልሱ፣ ትርፋቸው በሊትር ዋጋ የሚለካ ነጋዴዎች ናቸው። በአንድ እንዲህ ባለ ምሽት ከኋላችን የቆመ ወጣት፣ «ለመሆኑ ይሄን ዋጋ የሚሰቅለው ማነው?» ሲል ጠየቀን። እኛ መልስ ሳንሰጥ ሌሎቹ ቀደሙን። አንዱ ዓረቦቹ ናቸው አለ፤ ሌላው የአሜሪካ ኩባንያዎች ናቸው አለ፤ ሦስተኛው የዚህ አገር መንግሥት ቀረጥ ነው አለ። አራተኛው ግን ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና፣ «እንግዲያው አገር ቤት ያለውንስ ማን ሰቀለው?» ብሎ ጥያቄውን መልሶ በእኛ ላይ ጣለው።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ምሽት ዕዳ ነው። ጥያቄው የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ብቻ የሚነጋገሩበት ተራ የገበያ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ይሁንና በኢትዮጵያ ዘመናዊ ታሪክ የቤንዚን ዋጋ የዘውድ ሥርዓትን ካነቃነቁት ምክንያቶች አንዱ እንደ ነበረ እናውቃለን። ጥያቄው በየዘመኑ በተነሣ ቁጥር ሁለት ዝግጁ መልሶች ሲሰነዘሩ ቆይተዋል። ገዥዎች «ዓለም ነው» ይላሉ፤ ተቃዋሚዎች ደግሞ «ገዥው ነው» ይላሉ። የእኛ ሐሳብ ሁለቱም መልሶች ግማሽ እውነት መሆናቸውን፣ የሁለቱ ግማሾች መጠንም ከዘመን ዘመን እንደሚለዋወጥ ማሳየት ነው። ከዚህም በላይ፣ ዋጋው ከየት መጣ ከሚለው ጥያቄ በስተጀርባ ሸክሙን ማን እንዲሸከም ተፈረደበት የሚል ሌላ ጥያቄ መኖሩን ለማስታወስ እንወዳለን።

ፎርድስበርግ ራሷ ለዚህ ምስክር ናት። በእ.ኤ.አ. መጋቢት 1922 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ጦር የሰፈሯን የገበያ አደባባይ በመድፍ ደብድቧል። መነሻው በዓለም ገበያ የወርቅ ዋጋ መውረዱ ነበር። የማዕድን ባለቤቶች ኪሳራውን ለማካካስ የነጭ ሠራተኞችን ሥራ በአነስተኛ ደመወዝ ለሚሠሩ ጥቁሮች ለመስጠት በማቀዳቸው፣ ነጮቹ ሠራተኞች ዘረኛ መፈክር አንግበው አመፁ። የወርቅን ዋጋ የወሰነው የውጭ ገበያ ነበር፤ ኪሳራው በማን ላይ ይውደቅ የሚለውን ግን የወሰኑት እዚሁ ጆሃንስበርግ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ይህ ልዩነት በቀጣዩ ሐተታችን ሁሉ ይከተለናል።

የየካቲት ቤንዚን

በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1973) በዓረቦችና በእስራኤል መካከል ጦርነት በተካሄደበት ወቅት የዓረብ ነዳጅ አምራቾች ማዕቀብ ጣሉ፤ ምርታቸውንም ቀነሱ። ከጦርነቱ በፊት 3 ዶላር ያህል የነበረው የአንድ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ የተለጠፈ ዋጋ፣ በእ.ኤ.አ. ጥር 1974 መጀመሪያ 11 ዶላር ከ65 ሳንቲም ደረሰ። ይህን ለማድረግ ማንም የኢትዮጵያን ምክር አልጠየቀም፤ ኢትዮጵያም ልትከለክለው የምትችልበት ኀይል አልነበራትም። በዚያን ጊዜ የብር ምንዛሪ ለአንድ የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ07 ሳንቲም ላይ የጸና ስለ ነበር፣ ጭማሪው ከገንዘባችን መርከስ መጣ ለማለትም አይቻልም። ስለዚህ የ1966 ዓ.ም. የዋጋ ንረት ምንጭ ውጭ አገር ነበር ቢባል ታሪክን ማጣመም አይሆንም።

ነገር ግን ምንጩን ማወቅ ኀላፊነትን አይጨርስም። የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ መንግሥት በየካቲት ወር የቤንዚንን ዋጋ በ50 በመቶ ገደማ ከፍ ሲያደርግ፣ የታክሲ ታሪፍ ግን እንደ ቀድሞው በቁጥጥር ሥር እንዲቆይ ተደረገ። በሌላ አነጋገር ከባሕር ማዶ የመጣው ሸክም ከአሰብ ወደብ ተነሥቶ፣ በሚኒስቴሮች ጠረጴዛ ላይ አልፎ፣ በመጨረሻ በታክሲ ነጂው ጫንቃ ላይ ዐረፈ። ታክሲ ነጂው የሚገዛበት ዋጋ ሲጨምርበት የሚሸጥበት ዋጋ ታሰረበት። ይህ ውሳኔ የተሰጠው በሪያድ ወይም በኩዌት አይደለም፤ አዲስ አበባ ላይ ነው።

የተመረጠውም ጊዜ እጅግ ክፉ ነበር። በወሎ ረኀብ ሕዝብ አልቋል፤ የረኀቡም ወሬ ተሸፍኖ ቆይቶ በዓለም ፊት ከተገለጠ ገና ጥቂት ወራት ነበሩ። ጥር 4 ቀን የነገሌ ቦረና ወታደሮች በምግብና በውሃ ጉዳይ አምፀው አዛዦቻቸውን አስረዋል። መምህራን «ሴክተር ሪቪው» በሚል ስም የታወቀውን የትምህርት ለውጥ ዕቅድ ተቃውመዋል። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የመምህራኑና የታክሲ ነጂዎቹ የሥራ ማቆም አድማ በአንድ ቀን ተገጣጠመ። ተማሪዎች ተከተሉ፤ አውቶቡሶች በድንጋይ ተደበደቡ፤ ከተማዪቱ ቀጥ አለች። የካቲት 16 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ የቤንዚን ዋጋ መቀነሱንና የትምህርቱ ዕቅድ መታገዱን ለሕዝብ አስታወቁ። ሆኖም ከአራት ቀን በኋላ፣ የካቲት 20 ቀን፣ ከአሥመራው የጦር ክፍል ዐመፅ ጋር ተያይዞ የአክሊሉ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሡ ራሳቸው ከዙፋናቸው ወረዱ።

አብዮቱን ቤንዚን ወለደው ለማለት አንደፍርም። የመሬት ሥሪቱ፣ ረኀቡ፣ የሠራዊቱ ብሶትና የተማሪው እንቅስቃሴ ለዓመታት ሲከማቹ የኖሩ ነበሩ። ይሁን እንጂ የቤንዚኑ ጉዳይ አንድ ነገር አጋልጧል። በመንግሥትና በሕዝብ መካከል እምነት በጠፋበት ቦታ፣ እውነተኛው ምክንያት እንኳ ቢነገር ሰሚ አያገኝም። የወሎን ረኀብ የደበቀ መንግሥት ስለ ዓለም ነዳጅ ዋጋ እውነቱን ቢናገር ማን ያምነዋል?

በዚያ ዓመት እኛ ገና ሕፃናት ነበርን። ከየካቲት የቀረልን ትዝታ ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባችው የአጎታችን ሴይቼንቶ ታክሲ ለቀናት ከግቢ ሳትወጣ መቆሟና እኛም በውስጧ መጫወታችን ነው። አጎታችን ከብዙ ዓመታት በኋላ ያንን ጊዜ ሲያነሡ፣ «እኛ የጠየቅነው የታሪፍ ጭማሪ ነበር፤ የመጣልን ግን ደርግ ነው» ይሉ ነበር። አነጋገራቸው ቀልድ ይመስላል፤ በውስጡ ግን አንድ ትውልድ የደረሰበት ድንጋጤ አለ። «ኀላፊው ማነው?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ የአሠራር ለውጥ ሳይሆን የሰዎች ስም ዝርዝር ሆነ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. አክሊሉና ተተኪያቸው እንዳልካቸው መኰንን ከሌሎች ባለሥልጣናት ጋር ያለ ፍርድ ተገደሉ። የነዳጁ ሒሳብ ግን ከእነርሱ ጋር አልተቀበረም።

ማጣሪያ ነበረን፤ ነዳጅ ግን አልነበረንም

በዚያ ዘመን ከነበሩት ተስፋዎች አንዱ የአሰብ ማጣሪያ ነበር። ማጣሪያው ንጉሠ ነገሥቱ በእ.ኤ.አ. 1959 ሞስኮን ሲጎበኙ ከተገኘው የሶቪየት ብድር ተሠርቶ በእ.ኤ.አ. 1967 ሥራ ጀመረ። ማጣሪያ ያለው አገር ድፍድፉን ገዝቶ ቤንዚኑንና ናፍጣውን በገዛ እጁ ስለሚያወጣ የማጣራቱ ትርፍ ለእርሱ ይቀራል። የድፍድፉን ዋጋ ግን አይወስንም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የታየውም ይኸው ነው፤ ማጣሪያው በቦታው እያለ ዋጋው ናረ።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ኢትዮጵያ ከሶቪየት ኅብረት ጋር በመሠረተችው ወዳጅነት ድፍድፍ ነዳጅ ከዚያው ታገኝ ጀመር። ዋጋ በአዋጅ፣ አቅርቦት በራሽን የሚመራበት ዘመን ሆነ። ዕጥረት ሲከሠት ተጠያቂ የሚሆነው «አሻጥረኛ ነጋዴ» ነበር። አሻጥር የፈጸመ ነጋዴ አልነበረም ማለታችን አይደለም። ነገር ግን አገሪቱ ከቡና ሽያጭ የምታገኘው የውጭ ምንዛሪ ምን ያህሉ ለነዳጅ፣ ምን ያህሉ ለጦርነት እንደሚውል መጠየቅ በተከለከለበት አገር፣ በነጋዴው ላይ ጣት መቀሰር አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነበር።

ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ታሪኩ ሌላ መልክ ያዘ። በ1985 ዓ.ም. ብር በአንድ ጊዜ ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ዝቅ ተደረገ። ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን አሰብ ከኢትዮጵያ እጅ ወጣች። ያረጀው ማጣሪያ በእ.ኤ.አ. 1997 ተዘጋ፤ በግንቦት 1990 ዓ.ም. በተጫረው ጦርነት ደግሞ የአሰብ በር ራሱ ተቆለፈ። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ የተጣራ ነዳጅ ገዝታ በጅቡቲ በኩል በቦቴ ታስገባለች። ከወደቡ እስከ አዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በእያንዳንዱ ሊትር ላይ የወደብ ኪራይ፣ የቦቴ ጭነትና የመንገድ ወጪ ይታከላል። የባሕር በር አልባነታችን ለብዙዎቻችን የስሜት ጉዳይ ነው፤ በማደያው ቆጣሪ ላይ ግን በሳንቲም የሚቆጠር ዋጋ አለው።

የምስጢር ዋጋ

አሁን ወደምንኖርበት አገር እንመለስ፤ የደቡብ አፍሪካ ታሪክ በእኛ ጉዳይ ላይ ብርሃን ይፈነጥቃልና። ኢትዮጵያን ያናወጠው የ1973 ቀውስ የአፓርታይድንም መንግሥት ነክቷል። የዓረብ አገሮች በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ነዳጅ እንዳይሸጡለት ወሰኑ። የኢራን ሻህ ግን መሸጡን አላቋረጠም፤ እርሱም በእ.ኤ.አ. 1979 በአብዮት ሲወድቅ ያ በር ተዘጋ። መንግሥቱ ሁለት መንገድ ያዘ። የመጀመሪያው ከድንጋይ ከሰል ነዳጅ የሚያወጣውን፣ በእ.ኤ.አ. 1950 የተመሠረተውን ሳሶል የተባለ ድርጅት ማስፋፋት ነበር። ሁለተኛው ደግሞ በደላሎች አማካይነት በስውር መግዛት ነበር።

የስውር ግዢውን ባሕርይ ሳሌም የተባለችው መርከብ ታሪክ በሚገባ ይገልጠዋል። ይህች መርከብ ከኩዌት የጫነችውን ድፍድፍ አብዛኛውን በደርባን ወደብ በድብቅ ካራገፈች በኋላ፣ በእ.ኤ.አ. ጥር 1980 በሴኔጋል ባሕር ዳርቻ አጠገብ ሰጠመች። ሆን ተብላ እንደ ሰጠመች የተረጋገጠው ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ነዳጅ ምንጭና ዋጋ መረጃ ማውጣት በደቡብ አፍሪካ ሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ስለ ነበር፣ የአገሩ ዜጋ በየማደያው የሚከፍለው ገንዘብ ለማን እንደሚደርስ አያውቅም ነበር። በእ.ኤ.አ. 1986 ፕሬዝዳንት ፒ. ደብሊው. ቦታ ራሳቸው፣ ከ1973 እስከ 1984 ባለው ጊዜ አገሪቱ ለነዳጅ ከመደበኛው ዋጋ በላይ 22 ቢሊዮን ራንድ እንደ ከፈለች ተናግረዋል። ይህ ገንዘብ የአፓርታይድ ዋጋ ነው። ከፋዮቹም በሥርዓቱ የተጠቀሙት ብቻ አልነበሩም፤ ከሶዌቶ ተነሥቶ በታክሲ ለሥራ የሚሄደው ጥቁር ሠራተኛ ራሱን የሚጨቁነውን ሥርዓት በእያንዳንዱ ጉዞ ይደጉም ነበር።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የነዳጅ ማዕቀቡን በእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1993 አነሣ። ዛሬ የቤንዚን ዋጋ የሚሰላበት ቀመር ይታተማል። ዓለም አቀፉ ዋጋና የራንድ ምንዛሪ፣ ጠቅላላው የነዳጅ ቀረጥ፣ ለመንገድ አደጋ ካሳ የሚቆረጠው፣ የማጓጓዣውና የባለ ማደያው ድርሻ እያንዳንዳቸው ተለይተው ይታወቃሉ። በእ.ኤ.አ. 2022 ከአንድ ሊትር ለአደጋ ካሳ ፈንድ ብቻ 2 ራንድ ከ18 ሴንት ይቆረጥ ነበር። ይህ ግልጽነት ነዳጁን ርካሽ አላደረገውም። ሁሉንም ፍትሐዊ አላደረገውም። ለምሳሌ ሳሶል ከአገሩ ከሰል የሚያወጣው ቤንዚን ከውጭ እንደ መጣ ተቆጥሮ ስለሚሸጥ፣ የዓለም ዋጋ በናረ ጊዜ ድርጅቱ ያልደከመበትን ትርፍ ያገኛል። ይህን ትርፍ በልዩ ግብር ለመንካት ጥናት ተደርጎ በእ.ኤ.አ. 2007 ሐሳቡ ተትቷል። ሆኖም ክርክሩ የሚካሄደው በታወቀ ቁጥር ላይ ነው። ሚያዝያ 2022 መንግሥት ከቀረጡ ላይ 1 ራንድ ከ50 ሴንት ለጊዜው እንዲቀንስ የተገደደው፣ ሕዝቡ የመንግሥትን ድርሻ በቁጥር ስለሚያውቅ ጭምር ነው ብለን እናምናለን።

ሁለት ከተሞች፣ አንድ በርሜል

በኢትዮጵያ በ1993 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ፈንድ በአዋጅ ተቋቋመ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የዓለም ዋጋ ሲወርድ የሚቀመጥ ገንዘብ፣ ሲወጣ ለሕዝብ መከላከያ ይሆናል። በተግባር ግን ፈንዱ በተደጋጋሚ ዕዳ ውስጥ ገብቷል። በእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2008 በርሜሉ 147 ዶላር በደረሰበት ዓመት መንግሥት ድጎማውን መሸከም አቅቶት፣ በመስከረም 2001 ዓ.ም. ዋጋ ጨምሮ ድጎማውን ማንሣቱን አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ግን ድጎማው ተመልሶ መጣ።

ድጎማው ለድኻው ጥላ ነበር ብሎ መደምደም አይቻልም። ብዙ ቤንዚን የሚቀዳው ብዙ መኪና ያለው ነው። በኢትዮጵያ ርካሽ የሆነው ነዳጅ ወደ ጎረቤት አገሮች በኮንትሮባንድ እንደሚወጣ መንግሥት ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። በብዙ የክፍለ ሀገር ከተሞችም ማደያው «የለም» እያለ፣ ከማደያው አጥር ውጭ ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ሲቸበቸብ ታይቷል። በዚህ ጊዜ ሁለት ዋጋ አለ። አንዱ በደብዳቤ የሚታወጀው፣ ሌላው ሰው በእውነት የሚከፍለው ነው። በጦርነቱ ዘመን ደግሞ ነዳጅ እንዳይገባ በተደረገበት በትግራይ፣ ዋጋ የሚለው ቃል ራሱ ትርጉም አጥቶ ነበር።

በሐምሌ 2014 ዓ.ም. መንግሥት ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ጀመረ፤ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ብቻ በቴሌብር አማካይነት የተለየ ድጎማ እንዲቀጥል አደረገ። የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ36 ብር ከ87 ሳንቲም ወደ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ከፍ አለ። የዩክሬን ጦርነት ዓለምን ባናወጠበት በዚያው ወር፣ በጆሃንስበርግ አንድ ሊትር 26 ራንድ ከ74 ሴንት ደረሰ፤ እስከዚያ ድረስ ከታየው ሁሉ የላቀ ዋጋ ነበር። በርሜሉም በአማካይ ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። በዚያ ወር የሁለቱም ከተሞች ገዥዎች «ዓለም ነው» ቢሉ የሚያስወቅሳቸው አልነበረም።

ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ (እ.ኤ.አ. ጥር 2025)፣ በርሜሉ ወደ 80 ዶላር ገደማ ወርዷል። በጆሃንስበርግ ሊትሩ ከ22 ራንድ በታች ሆኗል። በአዲስ አበባ ግን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ፤ ከዚያም ወዲህ በ2017 ዓ.ም. ተጨማሪ ጭማሪዎች ተከትለዋል። በርሜሉ አንድ ነው፤ የሁለቱ ከተሞች መንገድ ግን ተለያየ። ታዲያ በዚህ ጊዜ ኀላፊው ማነው?

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ስሌት ልብ እንዲልልን እንለምናለን። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በመንግሥት ምንዛሪ አንድ ዶላር 52 ብር ያህል ነበር። ስለዚህ አንድ ሊትር ቤንዚን 92 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ያወጣ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ በወራት ውስጥ ዶላሩ ከ120 ብር አለፈ። በ125 ብር ሒሳብ 101 ብር ከ47 ሳንቲም 81 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። እንግዲህ በዶላር ሲለካ የአዲስ አበባ ቤንዚን አልጨመረም፤ እንዲያውም ቀንሷል። የወደቀው ብር ነው። በጥቁር ገበያ ብሩ ቀድሞ ወድቆ እንደ ነበር አንዘነጋም፤ የመንግሥት ሠራተኛው ግን ደመወዙን የሚቀበለው በብር ነው፤ ለእርሱ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆኖበታል።

በመሆኑም የ1966 እና የ2017 ዓ.ም. ንረቶች በስም አንድ ቢሆኑም በባሕርይ ተቃራኒ ናቸው። በ1966 ብር ጸንቶ ዓለም ናረ፤ በ2017 ዓለም ረግቶ ብር ወደቀ። የመጀመሪያው ከውጭ የመጣ መዓት ነበር። ሁለተኛው ከውስጥ የተጠራቀመ ዕዳ ነው። የብር ውድቀት በአንድ ሌሊት አልመጣም። ከምናመርተው በላይ ስናስመጣ፣ በተበደርነው ስንገነባ፣ በተለይም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በእርስ በርስ ጦርነት ሀብታችንንና ወጣቶቻችንን ስናነድ የኖርንበት ውጤት ነው። የሰሜኑ ጦርነት የማቆሚያ ስምምነት የተፈረመው ከፎርድስበርግ ብዙም በማትርቀው በፕሪቶሪያ፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነበር። የጦርነቱ ሒሳብ ግን በፊርማው አልተዘጋም፤ ዜጋው ዛሬም በየሊትሩ ይከፍለዋል።

ኀላፊነትን ስለ መደልደል

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ አራት ተጠያቂዎችን ለይተን ለማውጣት እንችላለን። አንደኛው፣ ምርቱን የሚቀንሱና የሚጨምሩት አምራች አገሮች፣ በመካከልም የሚያተርፉት ኩባንያዎች ናቸው። እነዚህ የበርሜሉን ዋጋ ይወስናሉ፤ እኛ በእነርሱ ላይ ሥልጣን የለንም። ሁለተኛው መንግሥት ነው። ምንዛሪን፣ ቀረጥን፣ ድጎማንና ታሪፍን የሚወስነው እርሱ ስለ ሆነ፣ ሸክሙ በማን ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነውም እርሱ ነው። ሦስተኛው ነጋዴውና ባለ ማደያው ነው። ጥፋቱ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ሌሎች በከፈቱለት ቀዳዳ ነው።

አራተኛው ለመጻፍ ይከብደናል፤ እኛው የተማርነው ክፍል ነን። ከእኛ የቀደመው ትውልድ በየካቲት ጥያቄውን በትክክል አነሣ፤ ዳሩ ግን «ማነው?» ከሚለው አልፎ «እንዴት ነው?» ወደሚለው ሳይሻገር በደም ጎርፍ ተወሰደ። እኛ ደግሞ ከእርሱ ዕጣ የተማርነው በስደት አገር ተቀምጦ መውቀስን ሆነ። በዶክትሬት ዲግሪ ተመርቀን፣ በየዩኒቨርሲቲው ስለ ሌሎች አገሮች የዋጋ ቀመር እያስተማርን፣ ለአገራችን ሕዝብ ግን አንዲት ሊትር ቤንዚን ከጅቡቲ ወደብ ተነሥታ ማደያ እስክትደርስ ምን ምን እንደሚጨመርባት በቀላል አማርኛ የሚያስረዳ ጽሑፍ አላበረከትንም። መንግሥት የሚነግረው አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻውን ቁጥር ነው። ዝርዝሩን መጠየቅና ማስጠየቅ የእኛ ሥራ ነበር።

ወቀሳ ርካሽ ነው። ሒሳብ መመርመር ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። «ገዥው ነው» ብሎ መደምደም የሚያረካ ቢሆንም፣ ገዥው በተለወጠ ማግስት ያው ሰልፍ በያው ማደያ ፊት ሲቆም ምን እንላለን? ይህን ባለፉት 50 ዓመታት ከአንድ ጊዜ በላይ አይተነዋል።

መደምደሚያ

ለጥያቄው የምንሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ስለ በርሜሉ ዋጋ ዓለም ይጠየቅ፤ ስለ ሸክሙ አደላደል መንግሥት ይጠየቅ፤ ስለ ብር ውድቀት ጦርነትን የመረጡ ሁሉ ይጠየቁ። ከሁሉም በፊት ግን ሒሳቡ ይገለጥ። የአፓርታይድ መንግሥት ሒሳቡን ደብቆ ሕዝቡን 22 ቢሊዮን ራንድ አስከፈለ። የንጉሡ መንግሥት የወሎን ረኀብ ደብቆ፣ እውነት በተናገረ ጊዜ እንኳ የሚያምነው አጣ። ሒሳቡን የማያሳይ መንግሥት ለማያጠፋው ጥፋት ጭምር ተጠያቂ መሆኑን የካቲት 1966 በሚገባ አስተምሮናል።

በዚያ ማክሰኞ ምሽት ተራችን ደርሶ ከቀዳን በኋላ ያ ወጣት ወደ መኪናችን መስኮት ቀርቦ፣ «ፕሮፌሰር፣ መልሱን ሳይነግሩኝ ሊሄዱ ነው?» አለን። ያን ጊዜ የሰጠነው መልስ አጭርና ያልበሰለ ነበር። ይህን ጽሑፍ ሲያነብ መልሱን ያገኘዋል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ካላገኘውም ደግሞ፣ ቁጥሮቹን ይዞ ራሱ እንዲደምርና ስሕተታችንን እንዲያርም ከወዲሁ እንጋብዘዋለን።